አልባራሲን፦ ወንዙም በጉም ሰዉም ቁልቁል የሚወርድበት ተራራ

ኖቬምበር ሲመጣ ሣሩ ያልቃል። ሌሊት ሌሊት ውርጭ የሚመታው፣ በስፔን የአልባራሲን ተራሮች ያለው የጓዳላቢያር መንደር ግጦሽ ለበግ የሚሆን ነገር አይተርፈውም፤ እረኞቹ ስንቅ ይቋጥራሉ፣ ጭነቱን ያሰናዳሉ፣ መንጋውን ይቆጥራሉ። ከዚያ ቃጭል ያንጠለጠሉት ሙክቶች ከፊት ይሰለፋሉ። እነሱ ሲንቀሳቀሱ መንጋው ተግተልትሎ ይከተላል፤ አቧራው ይነሳል፣ ውሻው ከኋላ የቀረውን ይሰበስባል። መድረሻቸው አንዳሉሲያ ነው፤ በሃኤን ክፍለ ሀገር፣ በሴራ ሞሬና ተራሮች ግርጌ ያለው፣ በብርዱ ወራት እንኳ ሣር የማያጣው ቆላ። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በእግር ሦስት ሳምንት ያልፋል። ዛሬ አብዛኛው በግ በጭነት መኪና ይጓጓዛል፤ ጥቂት ቤተሰቦች ግን አሁንም በእግራቸው ይወርዳሉ። ጁን ላይ፣ ደጋው ሲለመልም፣ በመጡበት መንገድ ሽቅብ ይመለሳሉ።

በምሥራቅ ስፔን፣ በአራጎን ክልል፣ በቴሩኤል ክፍለ ሀገር የሚገኘው የአልባራሲን ተራራማ አገር ኑሮ ከጥንት ጀምሮ የተቃኘው በዚህ መውረድና መውጣት ነው። ውሃው ይወርዳል፣ በጉ ይወርዳል፣ ሰዉም ይወርዳል። ሰዉ ሲወርድ ለዘመናት ኖሯል፤ አገሩም በዚህ አልጠፋም ነበር። ጉዳቱ የመጣው ከ1950ዎቹ ወዲህ የወረደው ሰው መመለሱን ሲተው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአካባቢው ዋና ከተማ አልባራሲን ትባላለች። በማዘጋጃ ቤቷ ሥር ያለው መሬት ከ450 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አዲስ አበባ 527 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ስለዚህ አንባቢ ስፋቱን ለመገመት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ያለውን ከተማ ያስብ። ቀጥሎ ከዚያ ሁሉ ሰፈር አንድ ሺህ ያህል ሰው ብቻ ያስቀርና ሌላውን ያንሳው። መርካቶው፣ ቦሌው፣ ሳሪሱ ሁሉ ጥድና ድንጋይ ይሁን። የአልባራሲን አሰፋፈር ይህን ይመስላል፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ሁለት ሰው ከጥቂት።

ጎረቤቶቿ ደግሞ ከእሷ የባሱ ናቸው። እሷን ጨምሮ በአንድ የወረዳ አስተዳደር የተጣመሩት 25 ማዘጋጃ ቤቶች ባንድ ላይ 1,414 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናሉ፤ ሕዝባቸው ግን 4,500 ገደማ ነው። በዛራጎዛ ዩኒቨርሲቲ የቅድመ ታሪክ ፕሮፌሰር የነበሩት ፍራንሲስኮ ቡሪዮ ይህንና በዙሪያው ያለውን ሰው የሳሳበት ሰፊ አገር "የደቡብ ላፕላንድ" ብለው ሰይመውታል። ላፕላንድ በሰሜን አውሮፓ ጫፍ፣ በአርክቲክ ክብ ዙሪያ ያለው የበረዶ አገር ነው። አልባራሲን ግን ከሜዲትራኒያን ባሕር ጠረፍ በመኪና የሁለት ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ ብትርቅ ነው።

ከተማዋ የተሠራችው በገደል አፋፍ ላይ ነው። የጓዳላቢያር ወንዝ ከሥሯ ዓለቱን እየሰረሰረ ይጠመዘዝና እንደ ቀለበት ያቅፋታል፤ በወንዙ ያልታቀፈውን ወገን የጥንት ግንብ ይዘጋዋል። ከፍታዋ 1,170 ሜትር ገደማ ነው፤ ከድሬዳዋ ጋር ይቀራረባል። አየሩ ግን ድሬዳዋን አያስታውስም። ቦታው ከምድር ወገብ በ40 ዲግሪ ወደ ሰሜን ርቆ ስለሚገኝ የብርዱ ወራት ረጅምና መራር ነው። በዚያው ክፍለ ሀገር ባለችው በካላሞቻ በዲሴምበር 1963 ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ተመዝግቧል። ከአልባራሲን በስተምዕራብ ያለችው ግሪኤጎስ 1,600 ሜትር ላይ ተቀምጣለች፤ በስፔን ካሉ ከፍተኛ መንደሮች አንዷ ናት፣ ከቀዝቃዞቹም እንዲሁ።

ጓዳላቢያር የሚለው ስም ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን "ነጭ ወንዝ" ማለት ነው። ወንዙ በምዕራብ በኩል ካሉት የሞንቴስ ኡኒቨርሳሌስ ተራሮች ይመነጫል፤ ቴሩኤል ከተማ ላይ ከአልፋምብራ ወንዝ ጋር ይገናኝና ቱሪያ የሚል ስም ይዞ ወደ ቫሌንሲያ ይወርዳል። የቫሌንሲያ ብርቱካንና አትክልት የሚጠጣው ይህንን ውሃ ነው። በዚያ ከተማ የመስኖ ክርክር የሚዳኙ ገበሬዎች ዛሬም ሐሙስ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ በካቴድራሉ ደጃፍ ተሰይመው በቃል ይፈርዳሉ፤ ዩኔስኮ ይህን ሸንጎ በ2009 በማይዳሰስ የባህል ቅርስነት መዝግቦታል። ከእነዚሁ ተራሮች፣ በፍሪያስ ደ አልባራሲን መሬት፣ ታጉስ ወንዝም ይነሳል፤ ማድሪድን በደቡብ አልፎ፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሊዝበን ላይ አትላንቲክ ይገባል። ሮማውያንም ቢሆኑ ውሃውን እዚያው አልተዉትም። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ዓለት እየፈለፈሉ ከአልባራሲን እስከ ሴያ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቦይ ሠርተው ወደ ሜዳው አውርደውታል። ውሃ የሚያመነጨው ደጋ ተቸግሮ ውሃ የሚደርሰው ቆላ መበልጸጉ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም።

የከተማዋ ስም እዚህ አገር በ11ኛው ክፍለ ዘመን ነጻ ግዛት ከመሠረተው ከባኑ ራዚን የበርበር ቤተሰብ የተወረሰ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አዛግራ የተባሉ ክርስቲያን መኳንንት ያዟት፤ እነሱም ለካስቲልም ለአራጎንም ነገሥታት ሳይገብሩ ከመቶ ዓመት በላይ ገዟት። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የአራጎን ንጉሥ ከቦ እስኪወስዳት ድረስ ማለት ነው። ከዚያ ዘመን ከተረፈው ሁሉ ትልቁ የጋራ መሬቱ ነው። ከተማዋና በዙሪያዋ ያሉ ከ20 የሚበልጡ መንደሮች ደንና ግጦሽ እስከ ዛሬ በጋራ ይዘዋል፤ የጥዱ ሽያጭ ገቢም የጋራ ነው። መሬት በግል ተሸንሽኖ ቢሆን ኖሮ ይህ ደን ዛሬ በቦታው ይኖር እንደሆነ መጠራጠር ይቻላል።

አንድ ግድግዳ ቀርቦ ማየት ስለ ቦታው ብዙ ይናገራል። የአልባራሲን ቤቶች ቀለማቸው ቀላ ያለ ነው፤ ጠዋት ብርቱካን ይመስላል፣ ማታ ወደ ጡብ ቀለም ይጠቁራል። ማንም ቀለም አልቀባቸውም። ልስኑ ከዚያው ከአካባቢው የተቆፈረ ጄሶ ነው፤ ድንጋዩ በእሳት ይቃጠላል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ይለወሳል፤ ቅላቱን የሚሰጠው በውስጡ ያለው ብረት ነው። የሕንፃው አጥንት የጥድ እንጨት ነው። ገደሉ ላይ መሬት ጠባብ ስለሆነ አናጺዎቹ ፎቁን ከምድር ቤቱ እያስፋፉ ወደ መንገዱ አስወጡት፤ በአንዳንድ መተላለፊያ የሁለት ቤቶች ጣሪያ ሊነካካ ምንም አይቀረው። ሁለት መንገድ በሚለያይበት ማዕዘን ላይ ተጨንቃ የቆመችው ሁሊያኔታ የምትባለው ቤት አንድ ቀጥ ያለ መስመር የላትም፤ ወለሏም መስኮቷም ዘሟል። ከታደሰች በኋላ የሠዓሊያን ማረፊያ ሆናለች።

በእነዚህ ቤቶች የኖሩት ሰዎች ከበጋቸው ጋር የተሳሰረ ሕይወት ነበራቸው። የአካባቢው የሜሪኖ በግ ሱፍ ለብዙ ዘመን ዋናው ሀብት ነበር። በግ የሌለው ወንድ ደግሞ በብርዱ ወራት ወደ አንዳሉሲያ ወርዶ በወይራ ዘይት መጭመቂያ ይሠራ ነበር፤ የዘይቱ ወቅት ሲያልቅ ገንዘቡን ቋጥሮ ይመለሳል። ሚስቶች፣ ሽማግሌዎችና ልጆች ከብቱንና ቤቱን ይዘው በበረዶው ውስጥ ይቆያሉ። እንዲህ ያለው መንደር በጃንዋሪ ግማሹ ባዶ ነው፤ በጁን ግን ይሞላል። ዩኔስኮ በ2023 መንጋ እየነዱ በየወቅቱ መውረድና መውጣትን ስፔንን ጨምሮ በበርካታ አገሮች ስም ሲመዘግብ ያከበረው ይህንን ዕውቀት ነው፤ የመንገዱን፣ የውሃ ጉድጓዱን፣ የሣሩን፣ የሰማዩን።

ታዲያ ምን ተበላሸ? አንድ ምክንያት ብቻ ጠቅሶ ማለፍ አይቻልም። የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በጁላይ 1937 ከተማዋን ራሷን የውጊያ ሜዳ አድርጓታል፤ ቴሩኤልም በዚያው ዓመት መጨረሻ በጦርነቱ ከታዩት አስከፊ ውጊያዎች አንዱን አስተናግዳለች። ከጦርነቱ በኋላ የአምባገነኑን የፍራንኮን አገዛዝ የተቃወሙ ሽምቅ ተዋጊዎች በእነዚህ ተራሮች መሸጉ፤ መንግሥትም ስንቅና መጠለያ እንዳያገኙ ብሎ በ1940ዎቹ መገባደጃ በክፍለ ሀገሩ ከመንደር ርቀው የተሠሩ ብዙ የገበሬ ቤቶችን አስለቀቀ። ሱፍ ዋጋው ወደቀ፤ ከአውስትራሊያ የሚመጣው በዛ፣ የፋብሪካ ክር ተጨመረ። ትራክተሩ ሜዳውን ጠቀመ፣ ተዳፋቱን ግን ረሳው። ከ1959 የኢኮኖሚ ማሻሻያ በኋላ ደግሞ የባርሴሎና፣ የቫሌንሲያና የዛራጎዛ ፋብሪካዎች እጅ ጠሩ፤ ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ስዊዘርላንድም እንዲሁ። ወጣቱ እንደ አባቱ ኖቬምበር ላይ ወረደ። ጁን ላይ ግን በየወሩ የሚከፈል ደመወዝ፣ ቧንቧ ውሃ ያለው አፓርታማና ለልጆች ትምህርት ቤት ስላገኘ እዚያው ቀረ። ማን ይፈርድበታል?

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የቴሩኤል ክፍለ ሀገር ሩብ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበረው። ዛሬ 135,000 አካባቢ ነው። በዚያው ጊዜ የስፔን ሕዝብ ከእጥፍ በላይ አድጓል። በመላ አገሪቱ ካሉት ከ8,100 በላይ ማዘጋጃ ቤቶች ከአምስቱ ሦስቱ አንድ ሺህ ሰው አይሞሉም።

በስፔን የሰው ቁጥር የወረቀት ነገር ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ነዋሪ "ፓድሮን" በሚባለው የማዘጋጃ ቤት መዝገብ ይመዘገባል፤ ጃንዋሪ 1 ቀን ያለው ቁጥር የዓመቱ ሕጋዊ የሕዝብ ቁጥር ይሆናል። መንግሥት ለማዘጋጃ ቤቱ የሚያካፍለው ገንዘብ ከዚህ ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። የምክር ቤቱ ወንበር ሳይቀር በእሱ ይወሰናል፤ ሕጉ ከ251 እስከ 1,000 ነዋሪ ላለው ቦታ ሰባት፣ ከ1,001 እስከ 2,000 ላለው ዘጠኝ ተመራጮች ይፈቅዳል። አልባራሲን ደግሞ በቅርብ ዓመታት የምትዋልለው እዚያው አንድ ሺህ ላይ ነው። አንድ ሕፃን ሲወለድ፣ አንዲት አሮጊት ልጇ ዘንድ ቫሌንሲያ ስትገባ፣ አንድ ጋጋሪ ሱቁን ዘግቶ ሲሄድ ቁጥሩ ይሰማዋል። አዲስ አበባ ላይ አንድ ሰው ቢጨመር ቢቀነስ ማንም አያውቅም።

ትንንሾቹ መንደሮች ውስጥ ደግሞ ኑሮው በጥሩንባ ይመራል። ዳቦ የጫነች መኪና ትመጣና ጥሩንባዋን ትነፋለች፤ በሮች ይከፈታሉ፣ ሦስት አራት ሴቶች ካባቸውን ደርበው ይወጣሉ። የዓሣው መኪና በሌላ ቀን ይመጣል። ሐኪሙ በተመደበለት ቀን ለጥቂት ሰዓት ጤና ኬላውን ይከፍታል። ትምህርት ቤቶቹ እየተጣመሩ በአንድ አስተዳደር ይሠራሉ፤ ልጆቹ በየመንደራቸው ባለ አንድ ክፍል ይቀመጣሉ፣ የሙዚቃውና የእንግሊዝኛው መምህር ግን በበረዶው መንገድ እየነዳ ከመንደር መንደር ይዞራል። የአምስት ዓመቱና የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅ በአንድ ጠረጴዛ ይማራሉ። ሁለት ልጆች ያሉት አንድ ቤተሰብ ቢለቅ ክፍሉ ሊዘጋ ይችላል፤ ክፍሉ ከተዘጋ ልጅ ያለው ሌላ ቤተሰብ አይመጣም። የመንደር ሞት የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ጣሪያው የሚፈርሰው ብዙ ቆይቶ ነው።

አልባራሲን ራሷ ከሌሎቹ የተሻለ ዕድል ገጥሟታል፤ ዕድል ብቻ ግን አይደለም፣ ሥራም ነው። በ1961 ብሔራዊ ቅርስ ተባለች። ከዚያው ከተራራው ከትራማካስቲያ የተወለዱት የአርኪዮሎጂ ሊቅ ማርቲን አልማግሮ ባሽ ለመታደሷ ደክመዋል። ከ1996 ጀምሮ ደግሞ የሳንታ ማሪያ ፋውንዴሽን ካቴድራሉን፣ ግንቡንና የፈራረሱትን ቤቶች አንድ በአንድ ሲያድስ፣ የእድሳት ሙያም ሲያስተምር ቆይቷል። የአካባቢው ወጣት ጄሶ መለሰን፣ ሥዕል ማደስን፣ እንጨት መጥረብን ተምሮ በገዛ ከተማው እንጀራ በላ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለው ቀይ ዓለትና ጥድ ውስጥ ዩኔስኮ በ1998 የመዘገባቸው የጥንት ሰው ሥዕሎች አሉ፤ ያው ዓለት ከመላው አውሮፓ ያለ ገመድ ትልልቅ ድንጋይ የሚወጡ ወጣቶችን ይስባል። እነሱ የሚመጡት በጸደይና በብርዱ ወራት፣ ሌላው ጎብኚ በሌለበት ጊዜ ስለሆነ ለቡና ቤቶቹ ትልቅ በረከት ናቸው።

ሆኖም ይህ ስኬት የራሱን ችግር ይዞ መጥቷል፤ እዚህ ላይ ዝም ማለት ለከተማዋ አይጠቅምም። በተራራማዋ ስፔን ያለው ትልቁ ተቃርኖ ይህ ነው፦ ቤቶች ባዶ ናቸው፣ የሚከራይ ቤት ግን የለም። የለቀቁት ሰዎች ልጆች የአያታቸውን ቤት አይሸጡም፣ አያከራዩም፤ ለኦገስት ይፈልጉታል። ታድሶ ያማረው ቤት ደግሞ ለእንግዳ ማረፊያነት በሌሊት ሲከራይ የተሻለ ያስገባል። መምህሯ፣ ነርሱ፣ ሆቴል የሚሠራው ወጣት ታዲያ የት ይደር? ብዙዎቹ በየቀኑ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው ከቴሩኤል ከተማ ይመላለሳሉ። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ብቻ ቢይዝ ይህን ይያዝ፦ ለእነዚህ መንደሮች ከመቶ ጎብኚ ይልቅ ዓመቱን ሙሉ መብራት የሚያበሩ ሦስት ተከራዮች ይበልጣሉ።

ቁጣውም ተደራጅቷል። በ1999 "ቴሩኤልም አለች" የሚል ትርጉም ያለው ስም የያዘ የዜጎች ንቅናቄ ተመሠረተ፤ ከማድሪድ ጋር ቀጥታ ባቡር የሌላት የክፍለ ሀገር ከተማ ሰዎች "እኛም እንቆጠር" አሉ። ጸሐፊው ሰርሂዮ ዴል ሞሊኖ በ2016 ባሳተመው መጽሐፍ "ባዶዋ ስፔን" የሚለውን አገላለጽ በአገሪቱ አፍ ላይ አኖረው። የተራራው ሰዎች ግን ቃሉን አረሙት። ባዶ አይደለንም፣ ባዶ ተደርገን ነው እንጂ ብለው "ባዶ የተደረገችው ስፔን" በሚል ስም ማርች 31 ቀን 2019 በአሥር ሺዎች ሆነው ማድሪድ ላይ ሰልፍ ወጡ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር "ቴሩኤልም አለች" አንድ የታችኛው ምክር ቤት ወንበር አሸነፈ፤ ተመራጩ ቶማስ ጊታርቴ ነበሩ። በጃንዋሪ 2020 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፔድሮ ሳንቼዝ የተመረጡት በ167 ለ165 ስለነበር የዚያች አንድ ወንበር ዋጋ ለአገሩ ሁሉ ታየ።

አንዳንድ ቦታ ደግሞ መፍትሔው ከባሕር ማዶ ተፈልጓል። በዚያው ክፍለ ሀገር ያለችው የአጉዋቢቫ ከንቲባ ሉዊስ ብሪሲዮ በ2000 አካባቢ ልጆች ያሏቸው የአርጀንቲና ቤተሰቦች መጥተው እንዲሰፍሩ ጋበዙ፤ ሥራና ቤት ይጠብቃችኋል፣ እናንተም ለአምስት ዓመት አትለቁም የሚል ውል ነበረው። ቀጥሎ ሮማኒያውያን መጡ። የትምህርት ቤቱ ወንበሮች ሞሉ። ከዚያ አንዳንዱ ቀረ፣ አንዳንዱ ደመወዙ አልበቃ ወይም ብርዱና ጸጥታው አልለመድ ብሎት ወደ ትልቅ ከተማ ወረደ። ዛሬም በአራጎን ደጋ በግ የሚጠብቁት ብዙዎቹ ከሞሮኮና ከሮማኒያ የመጡ ናቸው። የሞተ የሚመስለው ሙያ በእነሱ እጅ ይተነፍሳል፤ ይህን የመንደሩ ሰው በግልጽ ሊመሰክርላቸው ይገባል።

በኤፕሪል 30 ሌሊት አልባራሲን ውስጥ "ሎስ ማዮስ" ይከበራል። ወንዶች ተሰብስበው፣ ጊታር ይዘው፣ መጀመሪያ ለእመቤታችን ይዘምራሉ፤ ከዚያ በጠባቡ መንገድ እየወጡ እየወረዱ ለልጃገረዶች በየመስኮታቸው ሥር ያዜማሉ። በድሮው ልማድ እያንዳንዱ ጎረምሳ ለሜይ ወር አንዲት ልጃገረድ በዕጣ ይደርሰው ነበር። ዜማው ለዝናብ፣ ለእህልና ለትዳር የተሠራ ነው። ዛሬ ለዚያች ሌሊት ብለው ከቫሌንሲያና ከዛራጎዛ የሚመጡ አሉ፤ መስኮቶቹ ያን ቀን ይበራሉ። ኦገስት ሲሆን ደግሞ የአያቶቻቸውን ቁልፍ የያዙ ልጆች ይጎርፋሉ፤ በየመንደሩ አደባባይ ወንበር ይወጣል፣ እስከ ሌሊት ይጫወታሉ። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ መዝጊያው ይዘጋል።

ወደዚያ የሚጓዝ አንባቢ ካለ፣ በማድሪድም በባርሴሎናም የሚኖር ይሁን፣ ኦገስትን ትቶ በፌብሩዋሪ ይሂድ። ወፍራም ካፖርት ይያዝ። ሲመሽ በግንቡ ሥር ቆሞ የበሩትን መስኮቶች ይቁጠር። የሚያድርበትን ክፍል ዓመቱን ሙሉ እዚያው ከሚኖር ሰው ይከራይ፤ ዳቦውንም ከከተማዋ ጋጋሪ ይግዛ።